እንግዳ ይዞ ወይን ጠጅ ፍለጋ፤ መካኒሳ ወይስ ዝዋይ?

ከውጭ የመጣ አቅራቢ ወይም ከዲያስፖራ የተመለሰ የአክሲዮን ሸሪክ ሳምንቱን በስብሰባ ካሳለፈ በኋላ ቅዳሜ ሲደርስ፣ አስተናጋጁን ነጋዴ የሚያስጨንቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ወዴት ይዞት ይሂድ? እንጦጦ በአንድ ጠዋት ያልቃል። ቢሾፍቱን እንግዳው አስቀድሞ አይቶታል። በሳሪስ፣ በጎፋና በለቡ አካባቢ መጋዘንና ቢሮ ያላቸው አስመጪዎችና ላኪዎች ለዚህ ከሚመርጧቸው መልሶች አንዱ «የአገራችን ወይን ጠጅ የሚሠራበትን እናሳየው» የሚለው ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። የሚበላሸው አመራረጡ ላይ ነው።

በአንድ ቀን ሁለት ፋብሪካ፣ ሦስት ምግብ ቤትና አንድ ጠጅ ቤት ለማዳረስ የወጣ ፕሮግራም እንግዳውን መኪና ውስጥ ያውለዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ማታ ላይ ስለ ውሉ ሊነጋገር የታሰበው ሰው ራሱን ይዞ ወደ ሆቴሉ ይገባል። ለአንድ ቀን አንድ የወይን ቦታ፣ አንድ የምሳ ገበታና አንድ የማታ ገበታ ይበቃል። ቁም ነገሩ የትኛው የሚለው ነው።

ፋብሪካና እርሻ ለየቅል ናቸው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ላይ ነው። የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ለማየት ከክፍለ ከተማው መውጣት አያስፈልገውም፤ አዋሽ ወይን ጠጅ ለረዥም ዓመታት በልደታና በመካኒሳ ሲያመርት የኖረ ድርጅት ነው። መካኒሳ የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካም ሰፈር ነው፤ የመጠጥ ኢንዱስትሪ እዚያ የቆየ ጎረቤት ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን መካኒሳ ላይ አንዲት የወይን ሐረግ አትታይም። የአዋሽ የወይን እርሻ ያለው በአርሲ፣ በድልህና በማርማላታው ስሙ በሚታወቀው በመርቲ አካባቢ ነው። ከተማ ውስጥ ያለው ታንከር፣ ቱቦ፣ የጠርሙስ መሙያና መጋዘን ነው።

ይህ ለአንዳንዱ እንግዳ ከእርሻ ይበልጥበታል። የማሸጊያ ዕቃ አቅራቢ፣ የማሽን ወኪል፣ የቡሽ ወይም የጠርሙስ ነጋዴ ከሆነ አበባና ሐይቅ ከሚያይ ይልቅ የመሙያ መሥመር ቢያይ ይመርጣል። ኢንቨስተር ከሆነም የአዋሽ ታሪክ ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። ዘርፉ በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ ቆይቶ፣ አዋሽ በ2005 ዓ.ም. ወደ ግል ተዛወረ። በግዥው ላይ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር የገባው ኤይት ማይልስ የተባለው መቀመጫውን ለንደን ያደረገ የኢንቨስትመንት ፈንድ ነበር። የፈንዱ ሊቀመንበር በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ለኢትዮጵያ ገንዘብ በማሰባሰብ የታወቀው አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ መሆኑ በወቅቱ ብዙ አነጋግሯል። ለእርዳታ የመጣ ስም ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ለትርፍ ተመለሰ፤ እንግዳው የፋይናንስ ሰው ከሆነ ይህን ታሪክ ከጉብኝቱ በላይ ይወደዋል።

ከአዋሽ ጠርሙሶች መካከል ጣፋጩ ነጭ አክሱማይት፣ ቀዩ ጉደርና ደረቁ ነጭ አዋሽ ክሪስታል የቆዩት ናቸው፤ ገበታ የተባለው ኋላ የመጣ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ጠርሙስ ላይ ያለ ስም የእርሻ አድራሻ ላይሆን ይችላል። ጉደር ከአምቦ አለፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ የወይን ጠጁን ስም ተከትሎ ወደዚያ መንዳት ግን የጉብኝት ፕሮግራም አይሆንም።

ዝዋይ ላይ የሚታየው

ሐረጉንም ጠርሙሱንም ባንድ ቦታ ለማየት ለሚፈልግ፣ ከደቡብ አዲስ አበባ ተነስቶ በቀን ውስጥ ደርሶ መመለስ የሚቻለው ዝዋይ ነው፤ በዛሬ ስሟ ባቱ። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እርሻውን ያቋቋመው የፈረንሳዩ ካስቴል ግሩፕ ሲሆን፣ ቢጂአይ ኢትዮጵያን ይዞ ጊዮርጊስ ቢራን የሚጠምቀውም ይኸው ቡድን ነው። ሥራው የተጀመረው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ችግኞቹ ከቦርዶ መጥተው 120 ሄክታር በሚያህል መሬት ላይ ተተከሉ። ዝርያዎቹ አራት ናቸው፤ ከቀዩ ሜርሎ፣ ሲራና ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ከነጩ ሻርዶኔ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በ2006 ዓ.ም. ለገበያ ሲወጡ ዓመታዊ ምርቱ 1.2 ሚሊዮን ጠርሙስ ገደማ እንደሆነ ተነግሮ ነበር። ደረቁ ወይን ጠጅ ሪፍት ቫሊ፣ ለስለስ ያለውና ከፊል ጣፋጩ ደግሞ አካሺያ ተብሏል።

እንግዳ ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሳው ግን ወይኑን አይደለም፤ ጉድባውን ነው። እርሻው ከጉማሬ፣ ከጅብና ከዘንዶ እንዲጠበቅ ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ባለው ጉድባ ተከብቧል። የቦርዶ ወይን ገበሬ የሚፈራው በረዶና ሻጋታን ነው፤ ጉማሬ ለእሱ እንግዳ ስጋት ነው።

ከጉድባው ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ነገር የለቀማው ጊዜ ነው። በአውሮፓ የወይን ሐረግ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ በዓመት አንዴ ያፈራል፤ ለቀማውም በመጸው ይሆናል። በዝዋይ ዓይነት ሞቃት አገር ሐረጉን የሚያስተኛ ብርድ ስለሌለ ወቅቱን የሚወስንለት ገበሬው ነው፤ ሐረጉን በገረዘበት ቀን ነው አዲሱ ዙር የሚጀምረው። በዝናብ ወራት የበሰለ ዘለላ በሻጋታ ስለሚጠቃ አራሹ አገራረዙን ለቀማው ከደረቁ ወራት ጋር እንዲገጥም አድርጎ ያሰላዋል። ስለዚህ «የለቀማ ወቅት መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ካላንደር ተመልክቶ አይመለስም፤ ደውሎ መጠየቅ የግድ ነው። በለቀማ ሳምንት የደረሰ እንግዳ ዘለላ ሲጨመቅ፣ ቀዩ ከነልጣጩ ሲብላላ፣ ነጩ ደግሞ አስቀድሞ ተጨምቆ ፈሳሹ ብቻ ወደ ታንከር ሲገባ ያያል። በሌላ ጊዜ የመጣ የሚያየው የተዘጋ ታንከርና የተደረደረ በርሜል ነው። ሁለቱም መኪና ተከራይተው፣ ነዳጅ ሞልተው የሚሄዱበት ጉዞ ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

በውጭ አገር የወይን ጉብኝት የለመደ እንግዳ ሌላም ነገር ይጠብቃል። በደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ የወይን ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1971 ተባብረው የወይን መንገድ የሚባለውን ከከፈቱ ወዲህ፣ ጎብኚው በአንድ ጎዳና ላይ ከእርሻ እርሻ እየተዘዋወረ ይቀምሳል፤ ደስ ያለው ቦታ ምሳውን ይበላል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጎዳና የለም። እርሻዎቹ በጣት የሚቆጠሩና የተራራቁ፣ ሥራቸውም በመጀመሪያ ማምረት ነው። ይህን ለእንግዳው አስቀድሞ መንገር ከማፈር ያድናል።

ከመነሳት በፊት

የጉብኝት ፈቃድ በጽሑፍ ወይም ቢያንስ በስልክ፣ ከሚመለከተው ሰው ስም ጋር መያዝ አለበት። ዘበኛ በር ላይ «ማንን ነው የምትፈልጉት?» ሲል መልስ የሌለው አስተናጋጅ በእንግዳው ፊት ያፍራል። ቅዳሜ ይሠራል ወይ? ቅምሻ አለ ወይ? በስንት ሰው ነው የሚቀበሉት? ጠርሙስ በዚያው ይሸጣሉ ወይስ ወደ ወኪል ይልካሉ? እነዚህን አራት ነገሮች ሳያውቅ ቀን የሚቆርጥ ሰው ቀብድ ሳይቀበል ዕቃ እንደሚለቅ ነጋዴ ነው።

ሌላው መጠየቅ ያለበት ራሱ እንግዳው ነው። ከንግዱ ማኅበረሰብ መካከል በሃይማኖቱ የማይጠጣው ሰው ብዙ ነው፤ ከውጭ የመጣውም ቢሆን እንዲሁ። «ፈረንጅ ስለሆነ ይጠጣል» ብሎ መገመት ውል ያበላሻል። ኦርቶዶክሱ ሸሪክ ደግሞ ቢጠጣም በጾም ቀን ምን እንደሚበላ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

መንገዱን በተመለከተ ከመካኒሳ ወይም ከለቡ የሚነሳ ሰው በቀለበት መንገድ ወደ ቃሊቲ ወጥቶ ቱሉ ዲምቱ ላይ የአዳማውን የፍጥነት መንገድ ይይዛል፤ ሞጆ ላይ ወርዶ በመቂ በኩል ወደ ባቱ የሚወስደውን አዲሱን የፍጥነት መንገድ ይቀጥላል። በአሮጌው መንገድ በቆቃና በዓለም ጤና በኩል መሄድ ለሚታይ ነገር ይሻላል፤ ለሰዓት ግን አይመከርም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው ከረፋዱ በፊት ዝዋይ ይደርሳል። የለቡው ባቡር ጣቢያ ቅርብ ነው ብሎ የሚጓጓ ካለ፣ ሐዲዱ በሞጆና በአዳማ አድርጎ ወደ ድሬዳዋና ጂቡቲ የሚሄድ ነው፤ ዝዋይን አይነካም። በቅርብ ዓመታት በዚህ አቅጣጫ አልፎ አልፎ የጸጥታ ችግር ሲሰማ ስለቆየ፣ ከመነሳት በፊት በዋዜማው በዚያ መሥመር የሚመላለሱ የጭነት ሾፌሮችን መጠየቅ ይመረጣል። ከሬዲዮ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከመሸ በኋላ ለመመለስ ማቀድ አይገባም።

ሾፌር መያዝ ደግሞ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው። ቀምሶ መንዳት በሕግ ያስጠይቃል፤ የትራፊክ ፖሊስ የትንፋሽ መለኪያ ይዞ መቆም ከጀመረም ቆይቷል።

ምሳ ከሐይቁ

ዝዋይ ላይ ለምሳ የሚመረጠው ነገር አከራካሪ አይደለም፤ ዓሣ ነው። ከደምበል ሐይቅ የሚወጣው ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ ሲቀርብ ከሻርዶኔ ወይም ከሌላ ደረቅ ነጭ ጋር ይስማማል፤ ሎሚ ለሚጨምር ሰው ይበልጥ። አምባዛ ሥጋው ወፈርና ቅባቱ ዘለቅ ያለ ስለሆነ በጉላሽ ይሻላል። በጾም ቀን ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር ነው፤ አስተናጋጁ መፍረድ አይጠበቅበትም፤ ሽሮና አትክልት መኖሩን ማረጋገጥ ግን ይጠበቅበታል።

ምግብ ቤቱን ለመምረጥ ከግድግዳው ቀለም ይልቅ የሚጠቅመው ዓሣው መቼ እንደገባ መጠየቅ ነው። ጠዋት የገባ ዓሣ ያለው ቤት ወጥ ቤቱን ለማሳየት አያፍርም። የወይን ጠጁ ጉዳይ ሌላ ነው። በከተማዋ ወይን ይበቅላል ማለት እያንዳንዱ ምግብ ቤት ጠርሙሱን አቀዝቅዞ ይጠብቃል ማለት አይደለም። ነጭ ወይን ጠጅ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው የሚጠጣው፤ ከምሳ በፊት ደውሎ «ሁለት ጠርሙስ በረዶ ውስጥ አስቀምጡልን» ማለት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የማታው ገበታ

ወደ ንፋስ ስልክ ሲመለሱ ምርጫው ይሰፋል። በሳር ቤት፣ በብሥራተ ገብርኤልና በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ያለው አካባቢ ዲፕሎማቶችና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች የሚኖሩበት በመሆኑ የወይን ጠጅ ዝርዝር ያላቸው ምግብ ቤቶች በብዛት የሚገኙት እዚያ ነው። በጎፋ፣ በሳሪስና በቄራ አቅጣጫ ደግሞ ሥጋ ቤቱና ክትፎ ቤቱ ይበዛል። አስተናጋጆች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ይመርጣሉ፤ ለእንግዳ የሚመጥን ይመስላቸዋል። ፓስታ የመጣበት አገር ሰው ግን አዲስ አበባ ድረስ የመጣው ፓስታ ፍለጋ አይደለም። ቀን ዝዋይ ላይ የገዛውን ጠርሙስ ይዞ ወደ ንጹሕ ክትፎ ቤት መሄድ የተሻለ ምርጫ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

የትኛው ወይን ጠጅ ከየትኛው ምግብ የሚለው ላይ ደንቡ ቀላል ነው። በርበሬ አፍን ያቃጥላል፤ አልኮልና የደረቅ ቀይ ወይን ጠጅ አፍ የሚያጨማድድ ባሕርይ ደግሞ ማቃጠሉን ያብሰዋል። ስለዚህ ዶሮ ወጥና ቀይ ወጥ ከካቤርኔ ጋር ሲቀርቡ ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ምግቡ ይፋጃል፤ ወይን ጠጁም ይመራል። አዋቂ ነኝ የሚለው ሰው የሚንቀው ጣፋጩ አክሱማይት ወይም ከፊል ጣፋጩ አካሺያ ቀዝቀዝ ብሎ ሲቀርብ ከዶሮ ወጥ ጋር የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ደረቁ ቀይ ቦታው ጥብስ፣ ዝልዝልና ቅቤ የጠገበ ክትፎ ነው፤ ስቡና ቅባቱ መጨማደዱን ያለሰልሱታል። ሚጥሚጣው ግን ዳር ላይ ይቀመጥ።

የዋጋ ዝርዝሩን የማንበብ ነገርም አለ። አንድ የ75 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ አምስት መካከለኛ ብርጭቆ ይወጣዋል። የብርጭቆውን ዋጋ በአምስት አባዝቶ ከጠርሙሱ ዋጋ ጋር ማስተያየት ለነጋዴ አይከብድም፤ ሦስት ሰው ተቀምጦ በብርጭቆ ማዘዝ ብዙውን ጊዜ ኪሳራ ነው። ከዋጋው በላይ ደግሞ ጠርሙሱ መቼ እንደተከፈተ መጠየቅ ይገባል። የተከፈተ ወይን ጠጅ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ጣዕሙን አይዝም፤ ሽያጩ በቀዘቀዘ ቤት ማክሰኞ የተከፈተው ቅዳሜ ሊቀዳ ይችላል። ጠርሙስ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ለማስከፈቻ የሚያስከፍሉ ቤቶችም አሉ፤ ክፍያው ስንት እንደሆነ ከመቀመጥ በፊት ይጠየቃል፤ ሒሳብ ሲመጣ በእንግዳ ፊት መከራከር ደስ አይልም።

ጠጅስ? ከማር፣ ከውኃና ከጌሾ የሚጣለው ጠጅ ከወይን ፍሬ ጋር ዝምድና ባይኖረውም፣ እንግዳው አገሩ ሲመለስ የሚያወራው ስለ ሜርሎ ሳይሆን ስለ ብርሌው ነው። ችግሩ በስኳር የተጣለ ጠጅ መብዛቱ ነው። ጥሩ ጠጅ የሚጥል ቤት ሳያውቁ በጨለማ እንግዳ ይዞ መዞር አያዋጣም፤ አስቀድሞ ብቻውን ሄዶ የቀመሰ ሰው ብቻ ይውሰደው። ቀኑን ሙሉ ወይን ጠጅ ሲቀምስ ለዋለ ሰው ግን አንድ ብርሌ ይበቃዋል።

ሒሳቡ

ግብዣው በድርጅቱ ስም የሚከፈል ከሆነ የሒሳብ ሹሙን ማማከር የሚገባው ከጉዞው በፊት ነው። በገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ለመዝናኛ የወጣ ወጪ በመርሕ ደረጃ ተቀናሽ አይደለም፤ ደረሰኝ መያዙ ብቻ ተቀናሽ አያደርገውም። «ለደንበኛ ግብዣ» ተብሎ የተመዘገበው ምሳና የጠርሙስ ዋጋ በኦዲት ጊዜ ተመልሶ ትርፍ ላይ ሊደመር ይችላል። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ወጪውን ሲያስብ ከታክስ በኋላ በሚቀረው ገንዘብ ያስበዋል፤ ያኔ ሁለተኛው ፋብሪካና ሦስተኛው ምግብ ቤት ከፕሮግራሙ በራሳቸው ይወጣሉ። ደረሰኙ ግን በማንኛውም ሁኔታ ይያዝ፤ በምግብ ቤት ሒሳብ ላይ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ ይኑር አይኑርም ከዝርዝሩ ግርጌ ይነበብ።

በካርቶን የሚገዛ ሰው ካለ፣ ዕቃውን መጨረሻ ላይ መጫን ይሻላል። የዝዋይ ፀሐይ የቆመ መኪና ኮፈን ውስጥ ያለን ጠርሙስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያሞቀዋል፤ የሞቀ ወይን ጠጅ ቡሹን ገፍቶ ያንጠባጥባል፤ ጣዕሙም እንደተቀቀለ ነገር ይሆናል። አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ችግር የለም። ቀይ ወይን ጠጅ የሚጠጣበት ሙቀት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው፤ ፀሐይ የማይገባበት የመካኒሳ ወይም የለቡ ጓዳ በአብዛኛው ዓመቱን ሙሉ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙሱን ማጋደም ነው።